የአይጥ ጽንስ በላቦራቶሪ፦ ስለ ዝርያና ጂን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈሳሹ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፣ ኢንኩቤተሩ አንድ። ከአንዷ አይጥ የተወሰዱት ጽንሶች በአራተኛው ቀን ብላስቶሲስት የሚባለው፣ መሃሉ ፈሳሽ የቋጠረ ኳስ ሆነዋል። ከሌላዋ የተወሰዱት ግን ሁለት ሕዋስ ላይ ቆመው ቀርተዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? የባዮሎጂ ተማሪዎችም፣ ላብ ውስጥ አዲስ የሚቀጠሩ ሰዎችም፣ በሰው ሠራሽ መንገድ ልጅ ለመውለድ ሲሞክሩ ስለ አይጥ የሰሙ ባለትዳሮችም ይህን ይጠይቃሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከፈሳሹ ይልቅ ወደ እናትየው ያመራል።

ኢንኩቤተር ውስጥ የሚያድገው የትኛው ደረጃ ነው?

ጽንሱ ማህፀን ላይ ከመጣበቁ በፊት ያሉት አራት ቀናት ገደማ ናቸው። አይጦች በአብዛኛው የሚገናኙት ሌሊት ነው። ጠዋት የሴቷን ብልት የዘጋ ጠጠር ያለ ነጭ ነገር ከታየ ተገናኝታለች ማለት ነው። የዚያ ቀን እኩለ ቀን 0.5 ተብሎ ይቆጠራል። ጽንሱ ያኔ ባለ አንድ ሕዋስ ነው። በ1.5 ሁለት ሕዋስ ይሆናል። በ2.5 ስምንት ሕዋስ አካባቢ ይደርስና ሕዋሶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ድንበራቸው በዓይን አይለይም። በ3.5 መሃሉ ፈሳሽ የቋጠረ ኳስ ይሆናል፤ ብላስቶሲስት የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ሽፋኑን ቀዶ ይወጣል።

ላብ ውስጥ ጽንሱ ከማህፀን ቱቦ ታጥቦ ይወጣና ትንሽ የፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ይገባል። ጠብታው ከ20 እስከ 50 ማይክሮሊትር ቢሆን ነው። እንዳይተን ከላዩ የማዕድን ዘይት ይፈስበታል። ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ። ይህን የጠብታና የዘይት ዘዴ በ1963 ያስተዋወቁት ራልፍ ብሪንስተር ናቸው። እስከ ዛሬም እየተሠራበት ነው።

የሁለት ሕዋስ ማነቆ የሚባለው ምንድን ነው?

ባለ አንድ ሕዋሱ ጽንስ ለሁለት ይከፈላል። እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ ቀጥ ይላል።

በማይክሮስኮፕ ስታዩት የሞተ አይመስልም። ሁለት እኩል፣ ድቡልቡል፣ ንጹህ ሕዋሶች ብርሃን በሚያሳልፈው ሽፋናቸው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በማግስቱ ብትመለሱ እዚያው ናቸው። በሦስተኛው ቀንም ያው። አጠገቡ ባለው ጠብታ ውስጥ ግን የሌላ የላብ አይጥ ዝርያ ጽንሶች ሕዋሶቻቸው ተጣብቀው ሞሩላ የሚባል ድፍን ኳስ ሆነዋል፤ የአንዳንዶቹ መሃልም ፈሳሽ መቋጠር ጀምሯል። የቆሙት ቆይተው ይጠቁራሉ፤ ይሰባበራሉ።

የቆሙት ሕዋሶች ሥራ ፈትተው አልነበረም። ዲኤንኤያቸውን ገልብጠው ጨርሰዋል። ለመከፈል የቀራቸው አንድ እርምጃ ነው። ክፍፍሉን የሚያስጀምረው ፕሮቲን ግን ሳይነቃ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እነዚሁ ጽንሶች እናታቸው ሆድ ውስጥ ቢተዉ ኖሮ ያለ ችግር ያድጉ ነበር። ስለዚህ ነገሩ በሽታ አይደለም። የዘር ጉድለትም አይደለም። ዝርያው ሰው ሠራሽ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ብቻ ብቅ የሚል ድክመት ነው። ጂኑ ብቻውን አያስቆምም፤ ፈሳሹም ብቻውን አያስቆምም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጣጣው የሚመጣው።

የትኞቹ ዝርያዎች ይቆማሉ? የትኞቹ ያልፋሉ?

በቆዩት ፈሳሾች ውስጥ የሚቆሙት በብዛት እንደ ሲኤፍ1 እና አይሲአር ያሉት ናቸው። እነዚህ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይገናኙ እየተጠነቀቁ የሚያራቧቸው አይጦች ናቸው። የሚያልፉት ደግሞ አንዳንድ በዝምድና የተራቡ ዝርያዎች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን ድቅሎቹ። ሲ57 ብላክ 6 ከዲቢኤ/2 ወይም ከሲቢኤ ጋር ተዳቅላ የምትወለደው ኤፍ1 የምትባለው ሴት የላብ ሠራተኛ ሁሉ ወዳጅ ናት።

ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። ሲኤፍ1 እና አይሲአር ቤታቸው ውስጥ ጠንካሮች ናቸው። ብዙ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸውን በደንብ ያሳድጋሉ፤ ዋጋቸውም ረከስ ይላል። የእነሱ ጽንስ ነው እንግዲህ ሳህን ላይ፣ ማለትም ጠብታው ባለበት የላብ ሳህን ውስጥ፣ እምቢ የሚለው። የእናት ጥንካሬና የጽንሱ ሳህን ላይ መጽናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ላብ ውስጥ ሰዎች “የኤፍ1 ጽንስ” ሲሉ ብዙውን ጊዜ ኤፍ1 የሆነችው እናትየዋ ናት። አባትየውም ኤፍ1 ከሆነ ጽንሱ ራሱ ኤፍ2 ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ጽንስ የራሱ የጂን ድብልቅ አለው። ይህን ሳይለዩ ውጤት የሚያወዳድሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ማነቆው የሚመጣው ከእናት ነው ከአባት?

ከእናት። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። የምትቆመዋን ዝርያ ሴት ከሚያልፈው ዝርያ ወንድ ጋር አገናኙ፤ ጽንሶቹ ይቆማሉ። አሁን ገልብጡት፤ የምታልፈዋን ሴት ከሚቆመው ዝርያ ወንድ ጋር አገናኙ፤ ጽንሶቹ ያልፋሉ። በሁለቱም በኩል ጽንሱ ከሁለቱ ዝርያዎች እኩል እኩል ክሮሞሶም አግኝቷል። የሚለየው እንቁላሉ የማን እንደነበረ ብቻ ነው። ጎዳርድና ፕራት በ1983 ይህን በዝርዝር አሳይተዋል።

ከዚያ በፊት በ1982 ሙግልተን ሃሪስ፣ ዊቲንግሃም እና ዊልሰን አንድ ደፋር ሙከራ አድርገው ነበር። ከማይቆም ድቅል ጽንስ ጥቂት ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከኒውክሊየሱ ውጭ ያለውን የሕዋስ ፈሳሽ፣ በቀጭን መርፌ መጠጡ። ክሮሞሶሞቹ ያሉበትን ኒውክሊየስ አልነኩም። ያቺን ጠብታ በሚቆመው ዝርያ ባለ አንድ ሕዋስ ጽንስ ውስጥ ወጉ። ጽንሱ ማነቆውን አለፈ። የጽንሱ ክሮሞሶም እዚያው ያው ነው፤ የተጨመረለት የእንቁላል ፈሳሽ ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ ዘርፍ አንድ ሙከራ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ለምን ሁለት ሕዋስ ላይ? ለምን አራት ወይም ስምንት አይሆንም?

የአይጥ ጽንስ የራሱን ጂኖች በስፋት ማንበብ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ነው። እስከዚያ የሚኖረው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ቋጥራ በሰጠችው ስንቅ ነው፤ ፕሮቲን፣ የአርኤንኤ መልእክት፣ ማይቶኮንድሪያ። ሁለት ሕዋስ ላይ ስንቁ ይመናመናል፤ መልእክቶቹም ይበላሻሉ። ጽንሱ የራሱን ጂኖች ማሠራት አለበት። ርክክቡ የሚፈጸመው እዚህ ነው። ሰው ሠራሹ ፈሳሽ ጫና ከፈጠረ የሚጋለጠውም እዚህ ነው፤ ጫናውን የሚቋቋም ስንቅ የሰጠች እናት ጽንስ ያልፋል።

ለዚህ አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ከሚቆመው ዝርያ ጽንሱን በአንድ ሕዋስ ሳይሆን በሁለት ሕዋስ ደረጃው መጨረሻ ላይ ብታወጡት፣ ማለትም ርክክቡ እናቱ ቱቦ ውስጥ ካለቀ በኋላ፣ በዚያው ፈሳሽ እስከ ብላስቶሲስት ይሄዳል።

በሌሎች እንስሳት ርክክቡ ሌላ ጊዜ ነው። በሰው ከአራት እስከ ስምንት ሕዋስ፣ በላም ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ሕዋስ አካባቢ። ስለዚህ የአይጥን ሰዓት ለሰው መጠቀም አይቻልም።

ታዲያ ፈሳሹን ማስተካከል አይቻልም ነበር?

ተችሏል። ግን አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ታሪኩም የፈሳሽ ብቻ ሳይሆን የዝርያም ነው።

በ1949 ጆን ሃሞንድ ባለ ስምንት ሕዋስ የአይጥ ጽንስ የዶሮ እንቁላል በተቀላቀለበት የጨው ውሃ ውስጥ ብላስቶሲስት አደረሱ። በ1956 ዌስሊ ዊትን የዶሮ እንቁላሉን ትተው ይዘቱ የታወቀ ፈሳሽ ሠሩ፤ ጨዎች፣ ባይካርቦኔት፣ ግሉኮስና ከከብት ደም የተገኘ አልቡሚን። በ1958 አን ማክላረንና ጆን ቢገርስ በዚህ መንገድ ላብ ውስጥ የቆዩ ጽንሶችን በሌላ አይጥ ማህፀን አስገብተው ጤናማ ግልገሎች እንዲወለዱ አደረጉ። ላብ ውስጥ የቆየ ጽንስ ወደ ሕይወት መምጣት መቻሉ በዚህ ታየ። ሁሉም የጀመሩት ግን ከስምንት ሕዋስ ነበር፤ ማነቆው ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ቀጥሎ የምግብ ጉዳይ መጣ። የመጀመሪያው ጽንስ ግሉኮስ ብቻ ቢሰጡት አይከፈልም። ፓይሩቬት ይፈልጋል። ሁለት ሕዋስ ላይ ላክቴትንም መጠቀም ይችላል። ግሉኮስን በደንብ የሚጠቀመው ከስምንት ሕዋስ ወዲህ ነው። ይህ ሲታወቅ ዊትንና ቢገርስ በ1968 ከአንድ ሕዋስ እስከ ብላስቶሲስት ያለውን መንገድ በሙሉ ሳህን ላይ አስኬዱ። ትልቅ ዜና ነበር። ነገር ግን የተጠቀሙት የድቅል እናቶችን ጽንስ ነበር። ፈሳሹ ተፈታ ተብሎ ሲወራ፣ ሲኤፍ1 የሚጠቀሙ ላቦች ጽንሶቻቸው ሁለት ሕዋስ ላይ እየቆሙባቸው ነበር።

የሚቆሙትን ዝርያዎች ያስኬደው ነገር በጥቂት በጥቂቱ ተገኘ። በ1977 ኢዲቲኤ የሚባለው ብረት ያዥ ንጥረ ነገር መጨመሩ እንደሚጠቅም ታየ። በ1989 ቻቶትና ባልደረቦቿ ሲዜድቢ የተባለውን ፈሳሽ አወጡ። ግሉኮስን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አስወጡ፤ ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድ አስገቡ፤ ኢዲቲኤ ጨመሩ። የሲኤፍ1 ጽንሶች አለፉ። ከዚያ ላዊትስና ቢገርስ ሌላ መንገድ ተከተሉ። የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን ትንሽ ትንሽ እየለወጡ፣ የሚቀጥለውን ቅልቅል በኮምፒውተር ስሌት እየመረጡ ሄዱ። ከዚያ ኬሶም የተባለው ፈሳሽ ተወለደ። የጨው መጠኑ ዝቅ ያለ ነው። አሚኖ አሲድ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ ዛሬ በብዙ ላብ የሚገኘው ይኸው ነው።

ኦክስጅንም ድርሻ አለው። አየር ውስጥ ያለው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ። ሳህን ላይ ያደጉ ጽንሶች ሁለት ሕዋስ ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዳቸው ከፍ ይላል፤ እናታቸው ውስጥ ያሉት ግን አይደለም። ኦክስጅኑን ወደ 5 በመቶ ማውረድ የሚረዳው ለዚህ ነው።

እናትየዋ ላይ ቢጠፋ ጽንሱን የሚያስቆም የታወቀ ጂን አለ?

በርካታ አሉ። ስሙ ለማስታወስ የሚቀለው ሜተር ነው። በ2000 ይህ ጂን የጠፋባቸው ሴት አይጦች ተሠሩ። እንቁላል ያፈራሉ፤ እንቁላሉም ይዳብራል። ጽንሱ ግን ሁለት ሕዋስ ላይ ይቆማል። ከአባቱ ጤነኛውን ጂን ቢወርስም አያድነውም፤ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ቀድሞ እንቁላሉ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። ወንዶቹ ጂኑ ቢጠፋባቸውም ይወልዳሉ።

ይህንን ከሲኤፍ1 ማነቆ ጋር አታምታቱት። ሜተር የጠፋባት እናት ጽንስ ሆዷ ውስጥም ይቆማል። የሲኤፍ1 የሚቆመው ሳህን ላይ ብቻ ነው።

የእድገቱን ፍጥነት የሚወስን ጂንስ?

አለ። ፔድ ይባላል። ካሮል ዋርነርና ባልደረቦቿ ከ1981 ጀምሮ የተከታተሉት ነው። በአንድ ሰዓት የተዳበሩ ጽንሶች በአንድ ፍጥነት አይከፈሉም። ፈጣን የሚባሉት በተመሳሳይ ሰዓት ብዙ ሕዋስ ያፈራሉ፤ ዘገምተኞቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ልዩነቱ ክሮሞሶም 17 ላይ፣ ሰውነት የራሱንና የባዕድ ሕዋስን የሚለይባቸው ጂኖች ባሉበት ሰፈር ይገኛል። ውጤቱ ኪውኤ-2 የሚባል የሕዋስ ገጽ ፕሮቲን ነው። ያለው ጽንስ ፈጣን ነው፤ የሌለው ዘገምተኛ። ሲ57 ብላክ 6 ከፈጣኖቹ ናት።

ማስረጃው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። ፕሮቲኑን ከፈጣን ጽንስ ገጽ በኢንዛይም ሲልጡት ጽንሱ ቀዘቀዘ። በሌላ በኩል ፕሮቲኑን በዘገምተኛው ጽንስ ገጽ ላይ ከውጭ ሲለጥፉበት ፈጠነ። ልዩነቱ እናትየዋ ውስጥም ሳህን ላይም ይታያል። እዚህ ላይ ወሳኙ የጽንሱ የራሱ ጂን ነው፤ ከአባቱ ቢመጣም ይሠራል። ከማነቆው የሚለየውም በዚህ ነው።

ስለዚህ “በ72 ሰዓት ስንት ሕዋስ ደረሰ?” ብላችሁ ሁለት ፈሳሾችን ስታወዳድሩ አይጦቹ በፔድ የተለያዩ ከሆኑ የምትለኩት ፈሳሹን ላይሆን ይችላል።

የአባት ጂን ታዲያ ምንም አያገባውም?

ያገባዋል፤ በጣም የሚገርመው ምሳሌም ከጃፓን የመጣው ዲዲኬ ዝርያ ነው። የዲዲኬ ሴት ከዲዲኬ ወንድ ጋር ስትገናኝ በደህና ትወልዳለች። የዲዲኬ ወንድ ከሌላ ዝርያ ሴት ጋር ሲገናኝም ችግር የለም። የዲዲኬ ሴት ከብዙ ሌላ ዝርያ ወንዶች ጋር ስትገናኝ ግን አብዛኞቹ ጽንሶች ከሞሩላ ወደ ብላስቶሲስት ሲሸጋገሩ ይሞታሉ። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ነገርና ከባዕዱ ወንድ የመጣው ክሮሞሶም አልተስማሙም። ሥፍራው ክሮሞሶም 11 ላይ ነው። ፈሳሽ ብትቀያይሩ አይፈታም።

ከዚህ ሌላ፣ በ1984 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ፊላደልፊያ አንዱ ካምብሪጅ፣ ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የመጣ ክሮሞሶም ያለው ጽንስ እስከ መወለድ እንደማይደርስ አሳዩ። አንዳንድ ጂኖች ከየትኛው ወላጅ እንደመጡ ምልክት ይዘዋል ማለት ነው።

ሳህን ላይ መቆየቱ ጂኖቹን ይለውጣቸዋል?

የዲኤንኤውን ፊደል አይለውጥም። ከላይ ያልኩትን የወላጅ ምልክት ግን ሊያደበዝዘው ይችላል። በ2000 የወጣ አንድ ሥራ ኤች19 የሚባለውን ጂን ተከታተለ። ይህ ጂን በተለምዶ የሚሠራው ከእናት የመጣው ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለት ራቅ ያሉ ዝርያዎችን አዳቀሉ፤ ያኔ የእናትና የአባት ቅጂ በፊደላቸው ይለያሉ። ጽንሶቹ በዊትን ፈሳሽ ሲያድጉ ዝም ማለት የነበረበት የአባት ቅጂም መናገር ጀመረ። አሚኖ አሲድ ባለው ኬሶም ያደጉት ግን በአብዛኛው ምልክታቸውን ጠበቁ።

ሁለቱም ፈሳሾች ብላስቶሲስት ያደርሳሉ። በዓይን የሚያምር ብላስቶሲስት ማግኘት ብቻውን መመዘኛ መሆን እንደሌለበት ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ ብዙ ላብ ግን ዛሬም እሱን ብቻ ይቆጥራል።

ይህ ሁሉ ለሰው ሕክምና ምን ያደርጋል?

አንድ በጣም ተጨባጭ ግንኙነት አለ። ለሰው ጽንስ ማሳደጊያ የሚሸጡ ፈሳሾች፣ ዘይቶችና የፕላስቲክ ሳህኖች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በአይጥ ጽንስ ይፈተናሉ። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚከፈተው የፈሳሽ ጠርሙስ አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ ይህ ፈተና ይጠቀሳል። የተለመደው መስፈርት ከአንድ ሕዋስ ከተጀመረ በ96 ሰዓት ቢያንስ 80 በመቶው ጽንስ ብላስቶሲስት እንዲሆን ነው።

ጥያቄው የማን ጽንስ የሚለው ነው። ፈተናው በድቅል እናት ጽንስ ከተሠራ፣ ያ ጽንስ ጠንካራ ስለሆነ መጠነኛ መርዝ ያለበትን ዘይት ሳይቀር ሊያልፈው ይችላል። በቀላሉ የሚቆም ዝርያ ቢሆን ግን ቶሎ ያጋልጣል። ወረቀቱ ላይ 80 በመቶ የሚለው ቁጥር ይታያል፤ የአይጧ ዝርያ ግን ሁልጊዜ አይታይም። የክሊኒክ ላብ ኃላፊ ብሆን አምራቹን መጀመሪያ የምጠይቀው ዝርያውን ነው።

በተረፈ ባለትዳሮች ከአይጥ ውጤት ተነስተው ስለራሳቸው ጽንስ መደምደም የለባቸውም። የሰው ጽንስ በሌላ ሰዓት ይረከባል፤ ሰውም እንደ ላብ አይጥ አንድ ወጥ ዝርያ አይደለም።

ለራሴ ሥራ የትኛውን ዝርያ ልምረጥ?

እንደ ጥያቄያችሁ ነው። እጃችሁን ማለማመድ፣ በመርፌ መውጋት፣ ጽንስ ማስተላለፍ ከሆነ ድቅሎቹን ያዙ፤ ስህተት ይምራሉ። ፈሳሽ ወይም ዕቃ መፈተሽ ከሆነ ሲኤፍ1ን አስገቡ፤ ቢቻል ሁለቱንም ጎን ለጎን። አንድን ጂን ማጥናት ከሆነ ሲ57 ብላክ 6 ላይ ቆዩ፤ ማነጻጸሪያችሁም ከዚያው ዝርያ ይሁን።

የምትመርጡት የትኛውም ቢሆን መዝገባችሁ ላይ እናትና አባትን ለየብቻ ጻፉ፤ “ድቅል” ብላችሁ አትለፉት። ሲ57 ብላክ 6 ብላችሁም አታቁሙ። ጄ የሚል ቅጥያ ያላትና ኤን የሚል ቅጥያ ያላት አንድ አይደሉም። ጄ የምትባለው ማይቶኮንድሪያን ከኦክስጅን ጉዳት ለመከላከል የሚረዳው ኤንኤንቲ የተባለ ጂን ተቆርጦባታል። ኤን ግን ሙሉ ነው ያላት። ኦክስጅኑን 20 በመቶ አድርጋችሁ የምትሠሩ ከሆነ ያቺን አንዲት ፊደል ሳትጽፉ አትደሩ።